የጸዱ ንቦች

ጥቅምት 7

ፊት ሳጸዳ ዋልኩ። ብጉር፣ ማዲያት፣ ከዓይን ሥር ያበጠ… አለቃዬ «ኤዲት» ትለዋለች፣ እኔ ማጽዳት ነው የምለው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ደሙ ፈልቶ ስቱዲዮ ገባ።

«ጠባሳዬ የታለ?»

«የቱ ጠባሳ?»

«ግንባሬ ላይ ያለው ነዋ! ፓስፖርት ቢሮ ‹ይሄ አንተ አይደለህም› ብለው መለሱኝኮ!»

እውነቱን ነው። ከቅንድቡ እስከ ፀጉሩ የሚሄድ ጠባሳ አለው። መቼ እንዳጠፋሁት እንኳ አላስታውስም። እጄ ለምዶ… አለቃዬ ሳቋን አፍና እንደገና አነሳችው። ሊወጣ ሲል ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለነገሩ ያኛውም አያስጠላም፤ እሱንም ስጡኝ።»

ከሥራ በቀጥታ ወደ አባዬ ቤት። ያለፈው እሑድ ያነሳኋትን የንብ ፎቶ በስቱዲዮው ትልቁ ማተሚያ አትሜ ወስጄለት ነበር። ጠረጴዛ የሚሞላ ወረቀት ነው። መስኮቱ ሥር ዘረጋው። ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ በዓይኑ ጠርዝ ማየት ጀመረ። የዓይኑ መሃል ጠፍቶበታል፤ የቀረው ጠርዙ ነው። ጓሮ ያሉት ንቦቹ ከቀፎ ሲወጡ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ወረቀት ላይ ግን ፀጉራቸውን ይቆጥራል።

«አቤት! ዓይኗ ላይ ሳይቀር ፀጉር አላት እኮ!»

ሁልጊዜ ይላታል። ሁልጊዜም ደስ ይለኛል።

ጥቅምት 10

እሑድ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ደረስኩ። ጥበቡ ንቦች ሳይሞቃቸው መድረስ ነው፤ ፀሐይ ካገኘቻቸው በኋላ ማን ይደርስባቸዋል?

ፎከሱን አልነካውም። አንዴ አስተካክዬ እተወዋለሁ። ከዚያ የምንቀሳቀሰው እኔ ነኝ፤ ከወገቤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ትንፋሼን ይዤ። ጥርት የሚለው ቦታ ከፀጉር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል፣ ክንፏ ሲጠራ እሷ የለችም። ፍላሹ ላይ የወተት ካርቶን ቆርጬ አስሬበታለሁ፣ ብርሃኑን እንዲያለሰልስልኝ።

«ይህ ሁሉ ወጪ፣ መጨረሻው የወተት ካርቶን!» አባዬ ነው። ከሎሚው ዛፍ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል።

ጠዋቱን ሙሉ ካነሳሁት የተረፈኝ እፍኝ አይሞላም። ሌላው የሆድ ጫፍ ነው፣ ባዶ አበባ ነው፣ በርራ የሄደች ንብ ናት። ቢሆንም… ትንፋሼን ይዤ ስጠብቃት ስለ ምንም አላስብም። በሳምንት ውስጥ ስለ ምንም የማላስብበት ሌላ ሰዓት አለኝ? የለኝም።

ጥቅምት 14

በጣም የኮራሁባትን ንብ አትሜ ወሰድኩለት። ጭንቅላቱን አዘነበለ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

«ሚጡ፣ ይቺ ዝንብ ናት።»

«ምን?»

«ዝንብ! የንብ ልብስ የለበሰች ዝንብ። ክንፏን ቁጠሪ፣ ሁለት ነው። ንብ አራት አላት። ዓይኗንስ? ጭንቅላቷን በሙሉ ዓይን አድርጋው! እንዴት አታዪም?»

አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ሚጡ ነኝ። ካሜራ ይዤ እንጀራ የምበላ ሴትዮ፣ ዓይኑ በደከመ ሰው ተበለጥኩ። አውቶቡስ ሲነዳም እንዲሁ ነበር። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ያጣውን እሱ ከሩቅ ቆሞ «የኋላው ጎማ ጎድሏል» ይል ነበር።

ለካ ፎቶዎቹን ለደስታ ብቻ አይደለም የሚያያቸው። ቀፎዎቹን እየፈተሸባቸው ነው። ክንፍ፣ እግር፣ የሚሸከሙት የአበባ ብናኝ… ዓይኑ ሲደክም ሥራውን አልተወም፤ ወደ ወረቀት አዞረው እንጂ።

ጥቅምት 21

የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። አባዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ እኔን ለብቻ ጠራችኝ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። የሄደው አይመለስም። የቀረውም እየሄደ ነው። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

«ምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ዓመት ላይሞላ ይችላል። ትንሽ ሊያልፍም ይችላል። ለእሳቸው እኔ ልንገራቸው?»

«አይ… እኔ እነግረዋለሁ።»

ስወጣ ተነሥቶ ኮቱን እያስተካከለ ነበር። ክራቫት አስሯል፣ ለሐኪም ቤት ሁልጊዜ ያስራል።

«ምን አለች?»

«ጠብታውን በደንብ ከተጠቀምክ ባለበት ይቆማል አለች።»

«እሰይ!»

መንገድ ላይ አይስክሬም ገዛልኝ። ልክ እንደ ልጅነቴ። እስከ መጨረሻው ላስኩት።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። «ደግ አደረግሽ፤ ምን ይጠቅመዋል ቢያውቀው?» አለ። እኔስ ምን ይጠቅመዋል ብዬ ነው? ወይስ ፊቱ ሲለወጥ ላለማየት? ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 3

ወንድሜ አባዬን ወደ ቤቱ ሊወስደው ይፈልጋል። አፓርታማ፣ አራተኛ ፎቅ። ክፍል አዘጋጅቶለታል፤ አልጋ ገዝቷል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጭንቀታም ሆኖ ነው። «ብቻውን ነው፣ ደረጃው የተሸራረፈ ነው፣ ምድጃው አለ… አንድ ቀን ወድቆ ብናገኘውስ?» ይላል። እናታችን ካረፈች ጀምሮ እንዲህ ነው።

አባዬ እንደ ወትሮው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቆየ። ሲሰለቸው ነው የመለሰለት።

«ንቦቼስ? ፎቅ ላይ ልስቀላቸው?»

«እንግዲህ ንቦቹ እስካሉ አንተን ማንቀሳቀስ አይቻልም በለኛ!»

«እንደሱ ያዘው። ንቦቹ ሲሄዱ እሄዳለሁ።»

እጅ ተመታቱ። በሳቅ ነው። ግን ሁለቱም የምራቸውን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ ቃሉን አያጥፍም፤ ሌላው የተባለውን አይረሳም። ሦስት ቀፎ ነው አባዬን በቤቱ ያቆየው…

ኅዳር 8

የዛሬዎቹ ፎቶዎች ያምራሉ። አንዷ ብቻ ጀርባዋ ላይ ቀይ ቡናማ ነጠብጣብ ነገር አለባት። የአበባ ብናኝ ይሆናል። ወይ የሌንሱ አቧራ። ኮምፒውተሩ ላይ ጠረግኩላት። ሌላዋ ክንፏ ጭምድድ ብሏል፣ መብረር አቅቷት መሬት ለመሬት ትሄድ ነበር። አላማረችም። ፎቶዋን አጠፋሁት።

ኅዳር 16

ትናንት ተነደፍኩ። ያውም የዓይኔ ቆብ ላይ! የፊት መረቡ ካሜራው ላይ አላስጠጋኝ ብሎ ገልጬው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ንቢት ምን ታርግ?

በአንድ ዓይን ስቱዲዮ ዋልኩ። ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሕፃን አይቶኝ ለቅሶውን ለቀቀው። አለቃዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እንዳነሳ ፈረደችብኝ።

አባዬ በስልክ ሲሰማ፦ «እንግዲህ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው አንወጣም።»

ከልቤ ሳቅኩ። 

ኅዳር 27

አባዬ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ከአውቶቡሱ የቀረ ልማድ ነው፣ ንቦቹን እንደ ሞተር ነው የሚሰማቸው። ዛሬ ከመካከለኛው ቀፎ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ያስለዋል» አለ።

«ማንን?»

«ሞተሩን። ድምፁ ይቆራረጣል። በሩ ላይም የሚገባ የሚወጣው የቀነሰ መሰለኝ። የሰሞኑን ፎቶ አምጪልኝ እስቲ።»

እኔ ጆሮዬን ለጥፌ ሞከርኩ። ለእኔ ያው እምምም ነው።

ታኅሣሥ 1

ፎቶዎቹን ወሰድኩለት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ መስኮቱ ሥር አሳለፈ። አንዷን ወረቀት እያነሣ፣ እያዘነበለ፣ በአጉሊ መነጽሩ እየተከታተለ፣ አስቀምጦ ደግሞ ያንኑ እያነሣ… ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ንጹሕ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ምንም የለባቸውም።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል።» ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «እንግዲህ ጆሮዬም ሄደ ማለት ነዋ። ዓይኔ ሄደ፣ አሁን ደግሞ የሌለ ነገር መስማት ጀመርኩ።»

«አባዬ ተው እንጂ!»

«ወንድምሽ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።»

አባዬ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አባዬ ወንድሜን «እውነቱን ነው» ይበል!  በሩ ድረስ ሲሸኘኝ ግድግዳውን ይዞ ነበር፤ ያንን ግድግዳ ዕድሜ ልኩን ሳይዘው ነው የኖረው።

ታኅሣሥ 9

መካከለኛው ቀፎ አለቀ። አባዬ ክዳኑን ሲያነሣ ምንም አልወጣም። ጥቂት ንቦች ብቻ አውራዋን ከበው ተጣብቀው ነበር። ማሩ እንዳለ ነው፤ ተርበው አይደለም። ሬሳ የለም። የት ሄዱ? አባዬ የማር እንጀራ የሚሠራባቸውን ፍሬሞች አንድ በአንድ እያነሣ በጣቱ ዳሰሳቸው። ሰሙ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ሰው ግንባር ላይ ትኩሳት የሚለካ ነው የሚመስለው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ። እኔን አይደለም የጠየቀው።

ለወንድሜ ነገርኩት። «የክፍሉን መጋረጃ ሰማያዊ አድርጌዋለሁ፤ ይወዳል አይደል?» አለኝ።

 ይወዳል አልኩት።

ታኅሣሥ 12

ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ጠዋት የቀሩትን ሁለት ቀፎዎች ንቦች ፎቶ አነሳሁ። አባዬ «ዛሬውኑ አትመሽ አምጪልኝ» ብሎ አጣደፈኝ። የስቱዲዮው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ባለሙያ እየጠበቅን ነው። ስለዚህ የካሜራውን ካርድ ማተሚያው ላይ ሰካሁና እንዳለ አተምኩ። ምንም ሳልነካ። ወስጄ ሰጠሁት፣ ሻይ ላፈላ ገባሁ።

«ሚጡ! ነይ እስቲ።»

ጣቱ የንቧ ጀርባ ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ? ቆሻሻ ነው። ይቅርታ አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ ሳላጸዳው ነው።»

«ከዚህ በፊትም ነበር?»

«አንዳንዴ ይኖራል። አጠፋዋለሁ እኮ፣ አትጨነቅ፣ የሰሞኖቹን ሁሉ…»

 አባዬ ጣቱን አላነሣም።

«እግር አለው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እይው፣ ጎንና ጎኑ ላይ። ቆሻሻ እግር የለውም። ይሄ መዥገር ነው ሚጡ። የንብ መዥገር። እየመጠመጠ የሚጨርሳቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለው። እግር አለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም… ኅዳር። ከዚያም በፊት ይሆናል።»

«ክንፏ የተጨማደደስ? እሱ ምልክቱ ነው። አላጋጠመሽም?»

«አጋጥሞኛል።»

«ታዲያ የታሉ?»

«አጠፋኋቸው። አላማሩማ…»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ቁጭ አለ።

«ጆሮዬ ደህና ነበር» አለ። ይህችን ብቻ።

ታኅሣሥ 13

ኮምፒውተሩ ተሠርቷል፤ ያልተነኩትን ፎቶዎች በሙሉ ከፈትኩ። ሁሉም ላይ አይደለም፣ ግን አለ። ጥቅምት ላይ አንዲት ንብ። ኅዳር ላይ ብዙ። ከክንፍ ሥር፣ በሆዳቸው ቀለበቶች መካከል፣ ጀርባቸው ላይ እንደ ቁልፍ ተሰፍቶ። ሳጎላው ጠፍጣፋ ነው፣ ያንጸባርቃል፣ እግሮቹን ሰብስቦ ተደላድሎ ተቀምጧል። ይሄንን ነው አቧራ ያልኩት?

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይሳሳትም ነበር። በስልኩ የሚያነሳ የጎረቤት ልጅ እንኳ ነጠብጣቧን እንዳለች ያመጣለት ነበር። ስንት ዓመት ፊት ሳጸዳ… ነጥብ ሳይ «ምንድን ናት?» ብዬ አልጠይቅም። ጣቴ ቀድሞኝ ይሄዳል።

አባዬ ደግሞ እኔን አምኖ በራሱ ጆሮ ፈረደ። ከሁሉ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ቀፎው አይደለም።

ታኅሣሥ 14

ሄድኩ። በሩን ከፍቶ «ግቢ» አለኝ፣ እንደ እንግዳ። ቁጭ አልን።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እኔን ለማስደሰት ብለሽ ነው አይደል ያጠፋሻቸው?»

«ልማድ ነው… አዎ። ቆንጆ ሆነው እንድታያቸው።»

«እሺ። የዓይን ሐኪሟ ያለችውንስ? እሱንም አጽድተሽ ነው የሰጠሽኝ?»

ክው አልኩ። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ልዋሽ ነበር። «ኧረ በፍጹም» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሳትነኪው ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። እሷ እንዳለችው። የሄደው አይመለስም። የቀረውም እየሄደ ነው። ጠብታው አያስቆመውም። ዓመት ላይሞላ ይችላል። እያንዳንዷ ከአፌ ስትወጣ ፊቱን አየሁ። ዞር አላልኩም። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የፈራሁት ፊት ይኸው ነበር… መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አገጩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እጁን ጭኑ ላይ አገላበጠው፣ መዳፉን ለማየት የሚሞክር መሰለኝ።

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አይስክሬም ስገዛልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ሂጂ። አልተጣላሁሽም። ብቻዬን ልሁን ብዬ ነው።»

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም።

ታኅሣሥ 15

አልደወለም።

ታኅሣሥ 16

አልደወለም። እኔም ፈራሁ። ስቱዲዮ አንዲት ሴትዮ «ይሄን ማዲያት ድምጥማጡን አጥፊልኝ» አለችኝ። አጠፋሁላት። ሥራዬ ነው፣ የራሷ ፊት ነው፣ እሷ ታውቃለች። አባዬን ግን ጠይቄው አላውቅም።

ታኅሣሥ 17

ደወለ!

«ዱቄት ስኳር ይዘሽ ነይ። በርከት አድርገሽ። ወንፊትም። ለወንድምሽም ንገሪው።»

ሌላ ምንም አላለም። ሰላምታም የለ። ግን ደወለ።

ታኅሣሥ 19

እንዲህ ነው የሚሠራው። የግብርና ቢሮው የንብ ባለሙያ ለአባዬ በስልክ አስረድቶታል፣ አባዬም የሚያውቀው ነገር ነው፣ ዓይኑ ሳይደክም በፊት አድርጎት ያውቃል። ቀፎው ሥር ዘይት የተቀባ ነጭ ወረቀት ይገባል። ከላይ በወንፊት ዱቄት ስኳር ይነፋባቸዋል። ንቦቹ ስኳሩን ለማራገፍ ሲታሹ መዥገሩ መያዣ አጥቶ ይወድቃል፣ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። የሚያጠፋው መድኃኒት ደግሞ በሳምንቱ ይመጣል።

ወንድሜ የክረምት ጃኬት፣ የሞተር ብስክሌት ኮፍያና የእጅ ጓንት አድርጎ መጣ። ጨረቃ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። አንዲት ንብ ገና ሳትነካው «ገባችብኝ! ገባችብኝ!» ብሎ ወንፊቱን ጥሎ ግቢውን ዞረ። አባዬ ሳቀ። ከታኅሣሥ 12 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁላችንም ስኳር ለብሰናል። አባዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እኛ እንደተከሰሰ ተማሪ ፊቱ ቆመናል።

«ከዛሬ ጀምሮ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኑ የኔ ነው። እናንተ ተመካክራችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ አይደለም። ተግባባን?»

«ተግባባን።»

ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ። «አባዬ፣ እኔ የምፈራው እንዳትወድቅ ነው እኮ…»

«ብወድቅም መሬት ላይ ነው የምወድቀው። ከአራተኛ ፎቅ አይደለም።» ከዚያ ኮስተር አለ። «ቃሌን ግን አላጠፍኩም። ንቦቹ ካለቁ እመጣለሁ። አልጋህን አትሽጥ።»

ነጩን ወረቀት ስናወጣው ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነበር። አነሳሁት። ሳላጸዳ አተምኩለት።

ጥር 6

የግራው ቀፎም ተዳከመ። አባዬ «ለብቻቸው አይዘልቁም፣ ከቀኙ ጋር እናጋባቸው» አለ። የደከሙትን ሣጥን በደህናዎቹ ላይ ደረብነው። በመካከል ጋዜጣ አነጠፍን። ድንገት ቢገናኙ ይጫረሳሉ፤ ጋዜጣውን ከሁለቱም በኩል በልተው እስኪጨርሱት ድረስ ግን ሽታቸው ይለማመዳል።

እጁን ይዤ ጋዜጣውን አስተካከልን። እሱ የሣጥኑን ጠርዝ በጣቱ እየተከተለ፣ እኔ «ወደ ግራ… ትንሽ… በቃ» እያልኩ።

አንድ ቀፎ ቀረ። አባዬ በቤቱ መቆየቱ በዚያች ላይ ነው። ሁለታችንም ይህን አንናገርም፣ ሁለታችንም ሌላ አናስብም።

ጥር 11

የጋዜጣው ብናኝ ቀፎው በር ላይ ወጥቶ አገኘነው። ጎትተው እያወጡ ጥለውታል። አባዬ ብናኙን በጣቶቹ መካከል አሸው። «ታረቁ» አለ።

ጥር 22

ብርድ ነው። አበባ የለም። ትንሽ ነው ያነሳሁት፣ ሁሉንም እንዳለ አተምኩለት፤ የተጨማደደውን ክንፍም፣ የደበዘዘውንም፣ የሞተችውንም። ድሮ ለእሱ ይቅርና ለራሴም የማላስቀራቸውን።

አሁን ወረቀቱ ሳይዘረጋ እኔ እነግረዋለሁ። «ሁለት ላይ አለ። አንዷ ክንፏ ልክ አይደለም። ሌሎቹ ደህና።» ከዚያ እሱ ያያል። ዛሬ ያላየሁትን ሦስተኛ አገኘ። በማግኘቱ ግን አልኮራብኝም፣ በፊት ቢሆን ሳምንት ይስቅብኝ ነበር። በዓይኑ ጠርዝ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ከወትሮው ቆየ። እኔም አየሁ መቆየቱን። እሱም እንዳየሁ ያውቃል።

«እየጠበበ ነው» አለ።

«አየሁ።»

እንዲህ ተባባልን። ምንም አልሆንንም። ጣሪያው አልወደቀም።

የካቲት 4

ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ቆየ። ቆየ…

«ሳሉ ለቆታል» አለ።

ዛሬ ካነሳኋቸው መካከል አንዷም ላይ መዥገር የለም። ደግሜ አየሁ፣ ሌንሱን ጠርጌ እንደገና አነሳሁ። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ የለም! የሎሚው ዛፍ አብቧል፤ እግራቸው ላይ ብናኝ ተሸክመው ነው የሚገቡት።

ወንድሜ ከሰዓት መጣ። ሰማያዊውን መጋረጃ ጠቅልሎ ይዟል። ምንም ሳይል ወንበር ላይ ወጥቶ አባዬ መኝታ ቤት ሰቀለው። የተሸራረፈውን ደረጃም ግንበኛ አምጥቶ ሊያስጠግን ነው። «አልጋውን ግን አልሸጥኩም» አለ። አባዬ ጨርቁን ዳሰሰ። «ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ግራ ገባው፣ «እንግዲህ… ሰማያዊ ነዋ።» ከዚያ ግን አሰበና እንደ ምንም ብሎ አስረዳው።

የካቲት 18

ባለፈው እሑድ አዲስ ህትመት ወስጄለት ሳይዘረጋው መለሰልኝ።

«ንቦቹን ለጊዜው ተያቸው። አውቃቸዋለሁ። በጆሮዬም በእጄም አገኛቸዋለሁ። አንቺን አምጪልኝ።»

«እኔን?»

«ፊትሽን። በዚያው ሌንስ። ብዙ ጊዜ የለኝም፣ ለዝንብ አላባክነውም።»

ካሜራውን መቆሚያው ላይ አሰርኩት። ያለ ሰው እጅ ማንሳት እችል ነበር፣ ግን ጣቱን ወስጄ ቁልፉ ላይ አደረግኩለት። ያ ሌንስ ሙሉ ፊት አይዝም፤ በቁራሽ በቁራሽ ነው። ግንባር። ቅንድብ። ዓይን። ጉንጭ። በእያንዳንዱ ትንፋሼን ያዝኩ፣ በሌላ በኩል ሆኜ። እሱ «አሁን?» ይላል፣ እኔ «አሁን» እላለሁ። ስንት ዓመት ሰው ፊት ካሜራ ደቅኜ ኖሬ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ስቱዲዮ ወስጄ ከፈትኩት። አቤት… አለቃዬ በትከሻዬ አሻግራ አይታ «ይሄን ደንበኛ ቢያይ ሱቁን እንዘጋለን» አለች። ጣቴ ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለችው ማጥፊያ ሄደ። ሁለት ጊዜ መለስኩት። እንዳለ አተምኩ።

ዛሬ ወሰድኩለት። ወረቀቶቹ ጠረጴዛውን ሞልተው አልበቃ ብሏቸው ወለሉ ላይ ወረዱ። አባዬም ወረደ። ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ ከግንባር ጀመረ።

«ይሄ ሽበት ነው?»

«ሽበት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። ዓመታት።»

«እዚህ አፍሽ ጎን ያለውስ?»

«እሱም ቆይቷል አባዬ።»

 ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተው።

«እኔ እኮ…» ድምፁ ተሰበረ። «ሳናግርሽ የሚታየኝ ኮሌጅ የገባሽ ጊዜ የነበረው ፊትሽ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ያቺን ልጅ ነው ሳናግር የከረምኩት።»

«አስጠላሁህ እንዴ?» ለማሳቅ ብዬ ነው። አልሳቀም።

የጉንጬን ወረቀት ቀረብ አደረገ። ከግራ ዓይኔ ሥር ጉብ ያለች ጥቁር ነጥብ አለችኝ። ከራሴ ፎቶዎች ሁሉ ያጠፋኋት። ጣቱን እሷ ላይ አሳረፈ።

«ይቺንስ አላውቃትም።»

«እናቴ ካረፈች በኋላ ነው የወጣችው።»

ጣቱን ከወረቀቱ አነሣ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ፈለገኝና ፊቴን አገኘ። በዝግታ ከአፍንጫዬ ወደ ጉንጬ፣ ከጉንጬ ወደ ላይ… ነጥቧ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አገኘኋት» አለ።

ከዚያ ሌላኛውን ወረቀት ሳበ፣ አገጬ ያለበትን። አየው፣ አየው፣ ደግሞ አየው። እኔም እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፊቴን አቀረብኩለት።